የተሰረዘችው ቁጥር

በባቻችን 40ኛ ዓመት የመገናኘት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «ስለ ምርምር ሕይወትህ ሃያ ደቂቃ ንገረን» ሲለኝ ብዙም ሳላስብ እሺ አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ለባለቤቴ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ከምሳ በፊት ነው ወይስ ከምሳ በኋላ?» ከምሳ በኋላ ነው ስላት «እንግዲህ ሰው አስተኝተህ ልትመጣ ነዋ» አለች። ስለዚህ እንቅልፍ የመጣው ሰው አይሳቀቅ። ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ዓይን ገልጦ መተኛትን የተማርነው እዚሁ አራት ኪሎ ነው፤ ዛሬ እኔ ተነስቼ ልቆጣ አልችልም።

ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል የሠራሁት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። ቲ ሴል የሚባለው የነጭ ደም ሴል ቫይረስን እንዴት እንደሚያውቅ፣ ካወቀም በኋላ እንዴት እንደሚያስታውስ። ስላሳተምኳቸው ጽሑፎች አልናገርም። ልነግራችሁ የመጣሁት በማስታወሻ ደብተሬ ላይ በራሴ እጅ ስለሰረዝኳት አንዲት ቁጥር ነው። በምርምር ሕይወቴ ካገኘኋቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁን አግኝቼ ነበር፤ አግኝቼም ጣልኩት።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

በ1975 ዓ.ም. ስንገባ የባዮሎጂ ላብራቶሪው ለአራት ተማሪ አንድ ማይክሮስኮፕ እንደነበረው ታስታውሳላችሁ። ሦስታችን እያየን ነው እየተባለ አንዱ ያያል፤ ሦስቱ ደግሞ እሱ የሣለውን እንገለብጣለን። አንድ ቀን አይጥ ከፍተን ስንሠራ መምህራችን መጥተው፣ ከልብ በላይ ያለችውን ነጣ ያለች ለስላሳ እጢ በመርፌ ጫፍ እያሳዩ «ይህቺ ታይመስ ትባላለች። እኔ ተማሪ ሳለሁ መጽሐፉ ጥቅሟ አይታወቅም ይል ነበር። እኛም ጽፈን አለፍን። እናንተ እንደዚያ አታድርጉ» አሉን።

በኋላ እንዳነበብኩት፣ በ1961 እ.ኤ.አ. ዣክ ሚለር የተባለ ተመራማሪ ለንደን ውስጥ ገና ከተወለዱ የአይጥ ግልገሎች ታይመስን አውጥቶ ነበር። ግልገሎቹ ሊምፎሳይት የሚባሉት ሴሎች አነሱባቸው፤ ከሌላ አይጥ የተወሰደ ቆዳ ሲለጠፍባቸው ሰውነታቸው እንደ ራሱ ቆዳ ተቀበለው፤ በኢንፌክሽንም ያልቁ ጀመር። ጥቅም የላትም የተባለችው እጢ የሰውነት መከላከያ ማሠልጠኛ ሆና ተገኘች። «ቲ ሴል» ስንል «ቲ» የተወሰደው ከታይመስ ነው።

ያኔ ግን ይህ ሁሉ ለእኔ የፈተና ጥያቄ ብቻ ነበር። ነገሩ ልቤ ውስጥ የገባው ከግቢ ውጭ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ከየፋካልቲው ተሰብስበን ለሰፈራ ጎጆ ልንሠራ ዘምተን ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእኔ ጋር ሣር ያጨዳችሁ፣ ግድግዳ የመረጋችሁ አላችሁ። እኛ በነበርንበት ጣቢያ ኩፍኝ ገባ። እኔ ባዮሎጂ ስለምማር ብቻ «ዶክተር» ተብዬ ከጤና ረዳቱ ጋር ውኃ እንዳድል ተመደብኩ። አንዲት እናት ልጃቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ልጁ ትኩሳት አለው፣ ያስለዋል፣ ዓይኑ ቀልቷል። እሳቸው የሚሉት ግን አንድ ነገር ነው፦ «አልወጣለትም ልጄ፤ ሽፍታው አልወጣለትም። ካልወጣለት አይተርፍም።» እኔም በተማርኩት ተመክቼ «እማማ፣ ሽፍታው ባይኖር ይሻላል እኮ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ምንም አላሉኝም። ልጁ በማግስቱ አረፈ።

እሳቸው ልክ እንደነበሩ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሲወለዱ ጀምሮ አንቲቦዲ መሥራት የማይችሉ ልጆች አሉ። እነዚህ ልጆች ኩፍኝ ሲይዛቸው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ማንኛውም ልጅ ታመው ይድናሉ። ቲ ሴል የሌላቸው ልጆች ግን ኩፍኝ ይገድላቸዋል። የኩፍኝ ሽፍታ ደግሞ ቲ ሴሎች በቆዳ ላይ ቫይረሱን ሲዋጉ የሚታይ ምልክት ነው፤ ውጊያው ከሌለ ሽፍታው ደብዛዛ ይሆናል፣ ወይም ጨርሶ አይታይም። ረሃብ ደግሞ ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ቀድሞ ከሚያሟሽሻቸው አንዷ ያቺ ነጣ ያለች እጢ ነች። በተራበ ልጅ ላይ ታይመስ ትኮማተራለች፤ ቲ ሴል ይመነምናል። በድርቅ መጠለያዎች ኩፍኝ እንደ እሳት ልጆችን የሚፈጀው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እኒያ እናት ያነበቡት መጽሐፍ አልነበረም፤ የቀበሯቸውን ልጆች ግን ያስታውሳሉ። እኔ ደግሞ መጽሐፍ አንብቤ እሳቸውን አልሰማሁም። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን የባዮሎጂ ሰው ላልሆናችሁ፣ በተለይ ለሒሳብና ለፊዚክስ ልጆች፣ ቲ ሴል ምን እንደሚሠራ ባጭሩ ላስረዳ። አንቲቦዲ የግቢ ዘበኛ ነው፤ ቫይረሱን ደጅ ላይ፣ ደም ውስጥ ሲያገኘው ይይዘዋል። ቫይረሱ አንዴ ሴል ውስጥ ገብቶ በሩን ከዘጋ ግን ዘበኛው ምንም ማድረግ አይችልም። ታዲያ ውስጥ ያለው ነገር እንዴት ይታወቃል? የእናቶቻችንን ሰፈር አስቡት። ጎረቤት ቤት ሳትገቡ ምን እየተዘጋጀ እንደሆነ የምታውቁት በራፍ ላይ ከተሰጣው ስጥ ነው። ሰፌድ ላይ ብቅል ከተሰጣ ጠላ ሊጠመቅ ነው። ሴልም እንደዚያ ያደርጋል። በውስጡ ከሚሠራው ፕሮቲን ሁሉ ቁራጭ ቁራጭ እየወሰደ፣ ኤች ኤል ኤ በሚባል ሰፌድ ላይ አድርጎ በራፉ ላይ ያሰጣል። ቲ ሴል በየደጁ እየዞረ ስጡን ያያል። የለመደው እህል ከሆነ ያልፋል፤ የቫይረስ ቁራጭ ካየ ያንን ቤት ከነነዋሪው ያፈርሰዋል።

በ1974 እ.ኤ.አ. ሮልፍ ዚንከርናገልና ፒተር ዶኸርቲ ካንቤራ ውስጥ ያሳዩት፣ በ1996ም የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ነገር ይህ ነው፦ ቲ ሴል እህሉን ብቻ አይቶ አያውቅም፤ ሰፌዱም የራሱ ቤት ሰፌድ መሆን አለበት። የአንዱ አይጥ ቲ ሴል ያንኑ ቫይረስ በሌላ ዓይነት አይጥ ሴል ላይ ሲያገኘው አላወቀውም። ሰፌዱ ከሰው ሰው ስለሚለያይ አንድ ቫይረስ አንዱን አስታሞ ሌላውን ለምን ሳይነካው እንደሚያልፍ ከፊሉ ምስጢር እዚያ ነው ያለው።

ቤት ማፍረስ ግን ቀላል ሥልጣን አይደለም። በወፍ በሽታ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው አይታችሁ ከሆነ፣ በሄፓታይተስ ቢ ጉበቱን በአብዛኛው የሚጎዳው ቫይረሱ ሳይሆን ቫይረሱን ሊያጠፉ የዘመቱት የራሱ ቲ ሴሎች ናቸው። ለዚህም ነው ታይመስ ፈተናዋ የከረረው። የእኛን ጊዜ «የገና ምሩቃን» ታስታውሳላችሁ? በገና ፈተና ወድቀው ሻንጣቸውን ይዘው የሄዱትን ጓደኞቻችንን? ታይመስ ውስጥ ከሚሠለጥኑት ሴሎች ከመቶ ዘጠና አምስት በላይ የሚሆኑት የገና ምሩቃን ናቸው። የራሳቸውን ሰፌድ ማወቅ ያቃታቸውም፣ የራሳቸውን እህል እንደ ጠላት የሚያዩም እዚያው ይቀራሉ። ፍሬሽማን ጠበቀብን ብላችሁ ያለቀሳችሁ ሁሉ በዚህ ተጽናኑ።

ከተመረቅን በኋላ ጥቂት ዓመት እዚሁ ረዳት ሆኜ ሠርቼ በ1982 ዓ.ም. ለዶክትሬት ወደ አውሮፓ ሄድኩ። የመጀመሪያው ዓመት ስለ ሳይንስ ሳይሆን ስለ ብርድ ነው የተማርኩት። ሥራዬ ራዲዮአክቲቭ ክሮሚየም የተሞሉ ሴሎችን ከቲ ሴል ጋር ቀላቅሎ፣ አራት ሰዓት ቆይቶ፣ ስንቱ እንደፈረሰ በሚያመልጠው ክሮሚየም መለካት ነበር። አሥራ አራት ወር አልሠራልኝም። እናቴ በደብዳቤ «ትምህርቱ እንዴት ነው?» ስትለኝ «ደህና ነው» እላለሁ፤ ሴሎቼ ግን በየሳምንቱ ይሞታሉ። አሥራ አምስተኛው ወር ላይ ሠራ። ምን እንደለወጥኩ እስከዛሬ አላውቅም፤ ሳይንስ የሠራ ሰው ይረዳኛል።

አሁን ወደዚያች ቁጥር መጣን። ጊዜው 1986 ዓ.ም. ነው። የታማሚዎችን ደም ከጤነኛ ሰው ደም ጋር ማነጻጸር ነበረብን። በላብራቶሪ ወግ ጤነኛ ሰው ማለት እኛው ነን፤ እጅጌ ሰብስቦ ክንድ መስጠት ነው። አሥር ሆነን ሰጠን። ሲዲ ፎር የሚባሉትን፣ ሌሎቹን የመከላከያ ሴሎች የሚመሩትን ቲ ሴሎች፣ ፍሎው ሳይቶሜትር በሚባለው ማሽን ቆጠርን። የዘጠኙ ባልደረቦቼ ከ700 በላይ፣ የአንዳንዶቹም ከ1,000 በላይ ሆነ። የእኔ 460።

ማሽኑን አጽድተን ደገምነው። 470።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ዘመኑን አስታውሱ። ሲዲ ፎሩ የወረደ ወጣት አፍሪካዊ ሲታይ ሰው ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እኔም ያንኑ አሰብኩ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ አንዷ ባልደረባዬ ቡና አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችልኝና ሳታየኝ ሄደች። የኤች አይ ቪ ምርመራ ሰጥቼ ውጤቱን ዘጠኝ ቀን ጠበቅኩ። በዚያ ዘጠኝ ቀን ያደረግሁትን ሁሉ አስታውሳለሁ። ለእናቴ ደብዳቤ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። ሸሚዞቼን ሁሉ አጥቤ ተኮስኩ፤ ለምን እንደሆነ አልጠይቅም። በዘጠነኛው ቀን ውጤቱ ነፃ መሆኑ ተነገረኝ። ከሦስት ወር በኋላም ደገምኩ፤ ነፃ።

እንግዲህ አስቡት። ጤነኛ ነኝ፤ ቁጥሬ ግን «ጤነኛ» ከሚባለው በታች ነው። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ምን አደረግሁ? «ከመስመር የወጣ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ» ብዬ ጽፌ በላዩ ላይ መስመር አሰመርኩበት። አሥር የነበርነው ጤነኞች ዘጠኝ ሆንን። ጽሑፉም በዘጠኝ ታተመ። ማንም ሰርዝ አላለኝም። የራሴን ደም ከጤነኛ ሰዎች ዝርዝር ያስወጣሁት እኔ ነኝ። «መጽሐፉ ጥቅሟ አይታወቅም ሲል ጽፈን አለፍን፤ እናንተ እንደዚያ አታድርጉ» ያሉት መምህሬ ያኔ ትዝ አላሉኝም።

ያኔ እኔ በሰረዝኩበት ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ከባዱን ሥራ ጀምረው ነበር። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያና በኔዘርላንድስ ትብብር የተቋቋመው የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የአቃቂንና የወንጂን የፋብሪካ ሠራተኞች ለዓመታት ተከታተለ። ቫይረሱ የሌለባቸውን ጤነኛ ሠራተኞችም ቆጠሩ። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመውን ውጤት ባቡር ውስጥ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። የጤነኛ ኢትዮጵያውያን የሲዲ ፎር አማካይ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ800 በታች ነው፤ የደቾቹ ወደ 1,000 ይጠጋል። ሲዲ ኤይት የሚባሉት ቲ ሴሎች ደግሞ በእኛ ሰዎች ላይ ከፍ ይላሉ። ሴሎቹም እንደ ሥራ ፈት ሳይሆኑ ብዙ ሥራ እንደበዛባቸው ሆነው ተገኙ። ወደ እስራኤል በገቡ ቤተ እስራኤላውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ተመሳሳይ ነገር አሳይተው፣ ከሆድ ትላትል ጋር አያይዘውት ነበር። ከልጅነት ጀምሮ ተደጋግሞ የሚመጣ ኢንፌክሽንና ትል እነዚህን ሴሎች ያለ ዕረፍት እንደሚያሠራቸው ይታመናል።

መውረጃዬ ጣቢያ አለፈኝ። ቤቴ ገብቼ ያቺን ደብተር ከካርቶን ውስጥ አወጣሁ። 460 ከመስመር አልወጣችም። መስመሩ ነው የእኛ ያልነበረው። በዓለም ላይ በየግድግዳው የተለጠፈው «ትክክለኛ መጠን» የሚባለው ነገር የአንዳንድ ሰዎች ደም ነው፤ ከእነሱ ውስጥ እኛ አልነበርንም። እኔ ደግሞ አንዱ መሆን ስችል ራሴን አወጣሁ።

ይህን ያወቅኩ ሰው ከዚያ በኋላ በቁጥር አልታለልም ትሉ ይሆናል። ታለልኩ እንጂ። ቀጥሎ የምነግራችሁን ለመናገር ፈቃድ ጠይቄአለሁ። ባለቤቱ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች፤ «ስሙን ሳትጠራ ንገራቸው» ብላኛለች።

በ1997 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት በጀመረበት ጊዜ፣ ከባቻችን አንድ ልጅ ማታ ደወለልኝ። የዶርም ጓደኛዬ ነበር፤ ብዙዎቻችሁ ከእሱ ካልኩለስ ኮርጃችኋል። ቫይረሱ እንዳለበት ነገረኝ። «ሲዲ ፎሬ 260 ነው። ከ200 በታች እስኪሆን ጠብቅ ተባልኩ። አንተ የቲ ሴል ሰው ነህ፤ ልጠብቅ ወይ?» አለኝ። የዚያን ጊዜው መመሪያ 200 ይል ነበር። መድኃኒቱ ጥቂት፣ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ያከመውም ሰው መመሪያውን ነው የተከተለው። እኔም «ልክ ናቸው፤ ጠብቅ። በየሦስት ወሩ ተመርመር» አልኩት። እሱም «እሺ፣ አንተ ካልክ» አለ። ስለ ልጆቻችን አውርተን ተሳስቀን ዘጋን።

ከአምስት ወር በኋላ በቲቢ አረፈ። ባለቤቱ በኋላ ስትነግረኝ፣ በደወለልኝ ጊዜ ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቀው ነበር። ሱሪው እየሰፋበት ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በስቷል። ሲዲ ፎር የሚያህል ቃል ስልኩ ላይ ስንለዋወጥ፣ እኔ «ክብደትህስ? ያልብሃል ወይ? ታስላለህ ወይ?» ብዬ አልጠየቅኩትም። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የጤና ረዳት ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው። ቢጠየቁ ኖሮ ሌላ ምርመራ፣ ምናልባትም ሌላ ውሳኔ ይመጣ ነበር። ሲዲ ፎር ወታደሩ ስንት እንደሆነ ይቆጥራል፤ ወታደሩ ምን እንደሚያውቅና ጠላት የት እንደደረሰ አይናገርም። ይህን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አስተምር ነበር። ጓደኛዬ ሲደውል ግን ቁጥሩን ሰማሁ እንጂ እሱን አልሰማሁትም። ሰባ ሰባት ላይ ሽፍታው አልወጣለትም ያሉኝን እናት ባልሰማሁበት ጆሮ ነው እሱንም ያልሰማሁት።

መመሪያው በኋላ ተለወጠ። በ2010 እ.ኤ.አ. 350፣ በ2013 ደግሞ 500 ሆነ፤ በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥር ሳይጠበቅ ቫይረሱ ያለበት ሰው ሁሉ መድኃኒት ይጀምር አለ። ያ አምስት ወር የሚመለስ አይደለም። እሷም ዛሬ እዚህ ስላለች፣ በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ለብቻዋ ጠይቄአት ይቅር ብላኛለች፤ እናንተም እንድትሰሙት ፈለግሁ።

ከዚያ ወዲህ ላብራቶሪዬ የሚሠራውን ለወጥኩ። ስንት ናቸው ከማለት ምን ያስታውሳሉ ወደሚለው ዞርን። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ቴትራመር የሚባል ዘዴ ይህን አስችሎን ነበር። ሰፌዱንና እህሉን በላብራቶሪ ሠርተን፣ የሚያበራ ቀለም ቀብተን ደም ውስጥ እንጨምራለን፤ ያንን እህል የሚያውቁት ቲ ሴሎች ብቻ መጥተው ይጣበቁበታል። ቀድሞ ከምንገምተው እጅግ የበዙ ሆነው ተገኙ።

እኛ የመረጥነው ቢጫ ወባን ነው። ምክንያቱም ነበረኝ። ከ1960 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ሸለቆና በአካባቢው የተነሳው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ 30,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው፤ ብዙዎቻችን ግን በትምህርት ቤት አልሰማንም። የማክስ ታይለር ክትባት ያኔ ከተሠራ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ እሱም በ1951 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ክትባቱ ነበር፤ እዚያ አልደረሰም እንጂ። ይህ ክትባት ለእኛ ሥራ የሚመች የሆነው በሕይወት ያለ ግን የተዳከመ ቫይረስ ስለሆነ ነው። አንዴ ከተከተቡ ሃያና ከዚያ በላይ ዓመት ያለፋቸውን ሰዎች ደም ስናይ፣ ቢጫ ወባን የሚያውቁት ቲ ሴሎች በቁጥር ጥቂት ሆነው፣ ድምፃቸውን አጥፍተው፣ ግን ሥራቸውን ሳይረሱ ቁጭ ብለዋል። ሌሎች ቡድኖችም ይህንኑ አግኝተዋል። በየአሥር ዓመቱ ድገሙ ይባል የነበረው ክትባት ዛሬ ለአብዛኛው ሰው አንድ ጊዜ ለዕድሜ ልክ ይበቃል የተባለው እንዲህ ባለው መረጃ ተደግፎ ነው። ከዚህ ግንብ ውስጥ የእኔ ላብራቶሪ ድርሻ አንድ ጡብ ያህል ነው። ጡቧን ግን አውቃታለሁ።

ኮሮና ሲመጣ ይህ እውቀት ትርጉም አገኘ። በመጀመሪያው ዓመት ጋዜጣው ሁሉ «አንቲቦዲው እየወረደ ነው» እያለ ሰው ሲያስፈራራ፣ ሲንጋፖር ያሉ ተመራማሪዎች በ2003 በሳርስ ታመው የዳኑ ሰዎችን ደም መረመሩ። ከ17 ዓመት በኋላም ቲ ሴሎቻቸው ቫይረሱን ያውቁታል። በኋላ ኦሚክሮን ከብዙው አንቲቦዲ ሲያመልጥ ከቲ ሴሎች ግን በአብዛኛው አላመለጠም። የተከተቡ ሰዎች ቢያዙም ብዙዎቹ በጽኑ ያልታመሙት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዘበኛው ቢዘናጋ በየደጁ ስጥ የሚያየው አልተኛም።

ወደ መጨረሻው መጣሁ። ለእናንተ፣ በዚህ ግቢ ለምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። አምና እዚህ ለአንድ ሴሚስተር ሳስተምር አንዲት የማስተርስ ተማሪ ወረቀቷን ይዛ መጣች። ከለካቻቸው ጤነኛ ሰዎች የሁለቱ ውጤት ከሌሎቹ በጣም ይርቃል። «ላወጣቸው ነው፤ ግራፉን ያበላሹብኛል» አለችኝ። ደነገጥኩ። «ሰዎቹን አነጋግረሻቸዋል?» አልኳት። አላነጋገረቻቸውም። ሄዳ አነጋገረች። አንደኛው ከሳምንት በፊት ትኩሳት ይዞት እንደነበረ ነገራት፤ ያ ውጤት በምክንያት ወጣ። ሁለተኛው ምንም የለበትም፤ ጤነኛ ነው። የሱ ውጤት ገባ። ግራፉ ተበላሸ፤ ሥራዋ ግን ተስተካከለ።

ልመናዬ ይኸው ነው። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩ እንደሚያስጨንቃችሁ፣ ሪኤጀንት ከጉምሩክ እስኪወጣ የአገልግሎት ጊዜው እንደሚያልፍ አውቃለሁ፤ ከእናንተ ጋር ተጨንቄበታለሁ። እኛ ውጭ ያለን የባቹ ልጆችም በዚህ የምንችለውን እናዋጣ፤ ኮሚቴው በር ላይ መዝገብ ይዞ ቆሟል፣ ሳይፈርም የሚወጣ እንዳይኖር። ግን ገንዘብ የማይጠይቅም ነገር አለ። አንድ ተማሪ ከመስመር የወጣ ቁጥር ይዞ ሲመጣ «ሰርዘው» አትበሉት። «መስመሩን ማን አሰመረው? በማን ደም?» በሉት። ከዚያ ደግሞ ቁጥሩ ወደመጣበት ሰው ላኩትና ያነጋግረው።

ያቺን ደብተር ዛሬ ይዣት መጥቻለሁ። ወረቀቷ ቢጫ ሆኗል፤ 460 ግን ከመስመሩ ሥር አሁንም ትነበባለች። ሻይ ስንጠጣ ማየት ለፈለገ አሳየዋለሁ። ያቺን እጢ በመርፌ ጫፍ ያሳዩን መምህራችንም ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ጋሼ፣ «እንደዚያ አታድርጉ» ብለውን ነበር። አድርጌዋለሁ። ዘግይቼም ቢሆን አርሜዋለሁና እንደ ድሮው ግማሽ ማርክ ይስጡኝ።

ያለፉትን ጓደኞቻችንን ነፍሳቸውን ይማር። በዚህ መጽሔት መጨረሻ ስማቸው ተዘርዝሯል፤ አንድ በአንድ ሳታነቡ አትዝጉት። እኛን ደግሞ በጤና ጠብቆ ለ50ኛው ዓመት ያገናኘን።